ዘመዴ አይደለችም

የግቢያችን ቧንቧ ልጄን እንግዳ ብሎ የጠራት ሰኔ እንደገባ ነው። እንደ ወትሮዋ ፊቷን ልትታጠብ ወጥታ አውራ ጣቷን አስጠጋችለት። «እንደምን አደርሽ፣ አዝመራ» እስኪላት ስትጠብቅ «እንግዳ። ግማሽ።» አለና ግማሽ ጣሳ ቀድቶ ተዘጋ። አዝመራ ሳቀች። የቧንቧ ስሕተት ለእኛ ሠፈር ብርቅ አይደለም። አምና ጎረቤታችንን አቶ በላቸውን ሟች ብሎ መዝግቧቸው፣ ሰውየው «አልሞትኩም» ብለው የእድሩን ዳኛ ምስክር አቁመው እስኪረቱት ድረስ ከየቤቱ በጆግ ስናጠጣቸው ከርመናል።

«እማ፣ እንግዳ ሆንኩልሽ!» እያለች ገባች።

«እንግዳ ከሆንሽማ አልጋው ያንቺ ነው፣ እኔ መሬት እወርዳለሁ» አልኳት።

እሷ ወደ ትምህርት ቤት፣ እኔ ወደ ስፌቴ ሄድን። ሥራዬ ጥላ መስፋት ነው። በበጋ ከአቃቂ እስከ ቃሊቲ መንገዱን ከፀሐይ የሚጋርደው ሸራ በእኔና በጓደኞቼ እጅ ያለፈ ነው፤ ክረምት ሲገባ ይወርድና እንጠግነዋለን። ከሰዓት በኋላ የቀዳዳ ሸራ ክምር ውስጥ ተቀምጬ ሳለ ግድግዳው መልእክት አነበበልኝ። ድምፁ ትሑት ነበር። የኪዳኑ መልእክት መቼም ትሕትና ጎድሎት አያውቅም።

«የተከበሩ ወይዘሮ ስንቅነሽ። በቤትዎ ለምትገኘው ሕፃን አዝመራ የሥጋ ዘመድ የተገኘላት መሆኑን ስናበስርዎ ደስ ይለናል። የእናቷ ወንድም አቶ ገልገሎ በባሕር ጠረፍ ባለችው ላሙ ከተማ ይኖራሉ። በቤተሰብ ማገናኛ ሕጋችን መሠረት ወደ እሳቸው እስክትሸኝ ድረስ በቤትዎ በእንግድነት ተመዝግባለች። ስላሳደሯት እናመሰግናለን።»

ስላሳደሯት! ሰባት ዓመት ያሳደግኳትን ልጅ፣ ለአንድ ሌሊት እንዳስጠጋኋት መንገደኛ።

የምሥራቅ ኪዳን የሚባለው ጎረቤታሞቹ አገሮች ውሃቸውን፣ መብራታቸውንና ሕጋቸውን አንድ ላይ ያደረጉበት ውል ነው። ሲፈረም እኔ ልጅ ነበርኩ፤ በየቀበሌው ድፎ ተቆርሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ መብራት ጠፍቶ አያውቅም፣ ይህን አልክድም። ሕጉ ግን አንድ ነገር አጥብቆ ይዟል። በድርቁ ዘመን የተበተነ ልጅ ሁሉ በደሙ ተፈልጎ ከሥጋ ዘመዱ ጋር ይገናኛል። ሲሰሙት ደግ ነገር ነው። እኔም በሌላ ሰው ልጅ ላይ ሲደርስ ስሰማ ደግ ነገር መስሎኝ ኖሯል።

አዝመራ እጄ የገባችው በዚያው ድርቅ ነው። ለመጠለያው የድንኳን ሸራ ልንሰፋ ወደ ቦረና ተልከን ነበር። እናቷ ሰውነቷ አልቆ፣ የሦስት ዓመት ልጇን አቅፋ ከድንኳኔ ደጅ ተኝታለች። እንደምትሞት ስታውቅ ሽማግሌዎች አስጠራች። ማር ተፈልጎ መጣ፤ ማር በዚያ ጊዜ ከየት እንደመጣ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። ጡቴን ማር ቀብተው ሕፃኗን አስጠቡኝ። ወልጄ አላውቅም፤ ያን ቀን ወለድኩ። ሽማግሌዎቹ «የጡት ልጅሽ ናት» ብለው መረቁኝ፣ እናቷ እጄን ያዘችና አልለቀቀችም። አዝመራ ያልኳት እኔ ነኝ። አገር ምድሩ ደርቆ ሌላ ምን ስም ይወጣል?

የአገራችን ሕግ የጡት ልጅን ያውቃል። የኪዳኑ ሕግ አያውቅም። እንግዲህ ጣጣው ይኸው ነው።

ወሬው ሠፈሩን ሲያዳርስ ሁሉም የመሰለውን አለ። አቶ በላቸው ውሃ ያጠጣናቸውን ረስተው «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ነው ልጄ፣ ሄዳ ትየው» አሉኝ። እኔ ግን በቀጥታ ወደ አበልጄ ሮጥኩ።

አበልጄ እማዋይሽ የአዝመራ ክርስትና እናት ናት። አንድ መንገድ ዳር አድገናል፤ እሷ ተምራ ጠበቃ ሆነች፣ እኔ ሸራ ላይ ቀረሁ፣ ነገር ግን ተራርቀን አናውቅም። ክርስትናው ዕለት አዝመራን ያቀፈችው እሷ፣ ማተቡን ያሰረችላት እሷ ናት። መልእክቱን ሰምታ ስትጨርስ ፊቷ በራ።

«አበልጄ፣ ኪዳኑ በአማርኛ ሲታወጅ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ?»

«ከየት አውቄ?»

«ዋናው በነሱ ቋንቋ 'የሥጋ ዘመድ' ይላል። የኛው ተርጓሚ ወይ ርቦት ነበር፣ ወይ ሰዓት ደርሶበት ነበር፣ 'የሥጋ' የምትለዋን ዘልሏታል። የአማርኛው አዋጅ የሚለው 'የቅርብ ዘመድ' ብቻ ነው። በአገራችን ሕግ ደግሞ ቅጂና ቅጂ ከተጣላ አማርኛው ይገዛል። ካንቺ የቀረበ ዘመድ አዝመራ ማን አላት?»

አቅፌ ሳምኳት። አንድ ሰው ርቦት በዘለላት ቃል ልጄ ልትተርፍልኝ ነው። ያን ተርጓሚ ባገኘው ምሳ ልጋብዘው ተመኘሁ።

መጀመሪያ የኪዳኑ ፍርድ ቤት አየው። እዚያ ቶሎ ነው የሚፈርዱት፤ «ዘመድ ማለት የሥጋ ዘመድ ማለት ነው፣ የትርጉም ግድፈት መብት አይወልድም» ብለው ዘጉት። እማዋይሽ አልደነገጠችም። ወደ አገራችን ትልቁ ችሎት ይዛው ወጣች። ጋዜጠኞች ስሟን ማንሳት ጀመሩ። የጡት ልጅ፣ የእንጀራ ልጅ፣ የማደጎ ልጅ ያላቸው ሰዎች ከየክፍለ ሀገሩ ይደውሉልኝ ጀመር፤ የእነሱም ልጆች በየቧንቧው እንግዳ እየተባሉ ነበር። «እህቴ፣ በርቺልን፣ የኛም ነገር ባንቺ ነው» ይሉኛል። እኔ የማስበው ስለ አንዲት ልጅ ብቻ ነበር። ቤታችን ውስጥ የእንግዳ ውሃ ለገላ ስለማይበቃ የእኔን እየቀነስኩ አጥባታለሁ፤ እሷም ጣሳውን እያየች «እማ፣ አንቺ ዛሬም አልታጠብሽም» ትለኛለች።

ችሎት ከመቅረቤ በፊት በነበረው እሑድ እማዋይሽ ቤቴ መጥታ አለማመደችኝ። ዳኛ ሆና ተቀመጠች፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አደረገችና «ልጅቷ ዘመድሽ ናት ወይ ብትባዪ ምን ትያለሽ?» አለችኝ።

«ዘመዴ? ዘመዴ አይደለችም፣ ልጄ ናት እንጂ!»

የትኛዋ እናት ሌላ ነገር ትመልሳለች? ልጅን ዘመድ ማለት ስድብ ነው። እማዋይሽ ግን አትኩራ አየችኝ። ቀጥሎ መነጽሯን አወለቀች።

«እንደሱ በይ» አለችኝ። «ከሆድሽ የመጣውን አትቀይሪው።»

ችሎቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። የመሐል ዳኛዋ ክብርት ፈለቀች ይባላሉ፤ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ናቸው። የአዝመራን አጎት አቶ ገልገሎን ከላሙ በምስል መስኮት አቀረቡልን። የዓሣ ማድረቂያ አጠገብ የቆመ፣ ቀጭን፣ ግራ የተጋባ ሰው ነው። ስለ ልጅቷ ሲጠይቁት በኦሮምኛ «ሃዻ ኢሺ ቢራ ጂርቲ» አለ። አቃቂ አድጎ ይህን የማይሰማ የለም፤ እናቷ ጋ ናት ማለቱ ነው። አስተርጓሚው ግን «አሳዳጊዋ ጋ ናት ብለዋል» አለና አለፈ። ወደ እማዋይሽ ዞርኩ፣ ታርመዋለች ብዬ። ወረቀቷን ታያለች።

ከዚያ ዳኛዋ ወደ እኔ ዞሩ።

«ወይዘሮ ስንቅነሽ፣ ሕፃኗ ዘመድዎ ናት?»

«ዘመዴ አይደለችም፣ ክብርት ዳኛ! ልጄ ናት!»

አዳራሹ አጨበጨበ። አንዲት ሴትዮ አለቀሰች። ዳኛዋ አንገታቸውን ነቀነቁና ለጸሐፊው «ይመዝገብ» አሉት። እኔም አንጀቴ ራሰ፤ ልቤን ገልጬ የተናገርኩ፣ የተሰማሁም መሰለኝ።

ፍርዱ ለሐምሌ መጨረሻ፣ ችሎት ለክረምት ሊዘጋ ሲል ተቀጠረ። በዋዜማው እማዋይሽ ለአዝመራ ጫማ ይዛ መጣች። ክፍት ጫማ ነው፣ ማሰሪያው ቀይ፣ ሶሉ ስስ። ውጭ ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል።

«ምነው አበልጄ፣ በሐምሌ ክፍት ጫማ? ጠበቃ ክረምትና በጋ አይለይም እንዴ?» ብዬ ቀለድኩባት።

«ያምራል ብዬ ነው» አለች። አዝመራ አጥልቃው ቤቱን ዞረች፣ ልክክ ብሏታል። እማዋይሽ ሻይ አልጠጣም ብላ ሄደች።

የፍርዱ ቀን ከችሎቱ ደጅ ባንዲራ የያዘ ሰው ነበር። ለእኔ ልጅ ባንዲራ ሲያዝ ግራ ቢገባኝም ደስ አለኝ። ክብርት ፈለቀች ማንበብ ጀመሩ፣ እንዴት አድርገው አነበቡት! «በአገራችን ምድር ከአገራችን ሕግ የሚበልጥ ሕግ የለም። ኪዳኑ ወደዚህ ቤት የገባው አማርኛ ለብሶ ነው፤ ስለዚህ የሚገዛን አማርኛው ነው። አማርኛው 'የቅርብ ዘመድ' ይላል። የዚህ አገር ሰው በሥጋ ብቻ አይዛመድም፤ በጡትም፣ በጋብቻም፣ በክርስትናም ይዛመዳል። የኪዳኑ ፍርድ ቤት የአማርኛን ቃል ለእኛ ሊተረጉምልን አይችልም።»

እልልታው ቀለጠ። ሰው ተነሣ፣ ጋዜጠኞች ቀዳሚ ለመሆን እየተጋፉ ወጡ፣ ደጅ የነበሩት ሰምተው እነሱም እልል አሉ። አዝመራን አቅፌ ብድግ አድርጌያት ነበር። ዳኛዋ ግን አልተነሡም። ወረቀታቸውን ገለጡ።

«ይሁን እንጂ» አሉ።

ብዙው ሰው ይህን ቃል አልሰማውም። እኔ ሰማሁት። አዝመራን መልሼ መሬት አወረድኳት።

«ይሁን እንጂ አመልካቿ በዚህ ችሎት ፊት ተጠይቀው 'ዘመዴ አይደለችም' ሲሉ በራሳቸው አንደበት አረጋግጠዋል። ችሎቱ የዘመድን ትርጉም ማስፋት ቢችልም፣ አመልካቿ ዘመዴ አይደለችም ያሏትን ልጅ ዘመድ ሊያደርግላቸው አይችልም። ልጄ ናት ያሉትንም በወሊድ ማስረጃ አላስደገፉም። በመሆኑም በዚህ ጉዳይ ላይ በአገራችን ሕግና በኪዳኑ ሕግ መካከል ግጭት የለም። ሕፃኗ ለአጎቷ ትሰጥ።»

ግጭት የለም። ደጅ እልልታው እንደቀጠለ ነው። አህያውን ፈርተው ዳውላውን መቱ፤ ዳውላው እኔ ነኝ።

እማዋይሽን ፈለግኋት። ካሜራ ከቧታል። «አሸንፈናል» ትላለች፣ «ይህ ለሕዝባችን ታሪካዊ ቀን ነው።» በሰው መካከል ዐይን ለዐይን ተጋጠምን። ቀድማ ዐይኗን የሰበረችው እሷ ናት። ያን ጊዜም ቢሆን ሰው ስለበዛባት ነው ብዬ ተከራከርኩላት፣ ከራሴ ጋር። ሞኝነቴ!

ከኪዳኑ የመጣችው ሸኚ ሰው አክባሪ ወጣት ነበረች። ባቡር ጣቢያው ድረስ ጃንጥላዋን ለአዝመራ ይዛ መጣች። አዝመራ የአምስተኛ ክፍል ጃኬቷን ለብሳ ያን ባለ ቀይ ማሰሪያ ጫማ አድርጋለች፤ ቦቲዋን ብሰጣትም «ክርስትና እናቴ የሰጠችኝን ነው የማደርገው» ብላ እምቢ አለችኝ። የእግሯ ጣቶች በዝናብ ረጥበው ነበር።

«እማ፣ እዚያም ቧንቧው እንግዳ ይለኛል?»

«አይልሽም። እዚያ የሥጋ ዘመድ ነሽ።»

አሰበች። «አንቺ ስትመጪስ?»

«እኔን ነው እንግዳ የሚለኝ።»

«ግድ የለም፣ ከኔ አካፍልሻለሁ» አለች። እንደ ትልቅ ሰው ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ።

ሸኚዋ ልታጽናናኝ ፈልጋ ይሆናል፣ ወደ ልጄ እግር እያየች ፈገግ አለች። «ላሙ ሐሩር ነው። እዚያ እንዲህ ያለ ክፍት ጫማ ነው የሚሆናት። ጥሩ አድርገው መርጠውላታል።»

ጫማውን የመረጥኩት እኔ አይደለሁም።

ባቡሩ ሄደ። እኔ መድረኩ ላይ ቆሜ በሐምሌ ዝናብ ክፍት ጫማ ስለሚገዛ ሰው አሰብኩ። ጫማው የመጣው በፍርዱ ዋዜማ ነው። አበልጄ ልጄ የምትሄድበትን አገር አየር አስባ፣ ልኳን ገምታ፣ ቀለም መርጣለች። እኔ ባንዲራ ሳይ ደስ ሲለኝ እሷ ስንቅ ስትቋጥር ነበር። ልቅሶው የመጣብኝ ያኔ ነው፤ ለልጄ ብቻ አልነበረም።

ክረምቱ አለፈ። ፍርዱ በየቦታው ሥራ ላይ ዋለ። ቧንቧዎች የጡት ልጅን፣ የማደጎ ልጅን፣ አበልጅን ሁሉ ዘመድ ማለት ጀመሩ። እንዲህ ያለው ዝምድና በደም ስለማይነበብ ቧንቧው የቤቱን ባለቤት ይጠይቃል፣ ባለቤቱ አዎ ካለ ሙሉ ይቀዳል። የማላውቃቸው ሴቶች በሬን አንኳኩተው ጉልበቴን ሊስሙ ይመጣሉ። አንዷ ከደብረ ዘይት ድረስ ያሳደገችውን ልጅ ይዛ፣ «ይኸው ባንቺ ቀረልኝ» ብላ ዶሮ አመጣችልኝ። ዶሮውን ተቀበልኩ። ልጁን ግን ማየት አቅቶኝ ወደ ጓዳ ገባሁ። በቴሌቪዥን ስለ ድላችን ሲወራ እዘጋዋለሁ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

እማዋይሽ የመጣችው ለዘመን መለወጫ ነው። እርጅና ጀምሯታል፣ ወይም እኔ እንደዚያ ላያት ፈልጌ ይሆናል። ፀሐዩ ከርሮ ላብ በግንባሯ ወርዷል። ግቢው ውስጥ ካለችው በርጩማ ላይ ሳልጋብዛት ተቀመጠች።

«አበልጄ» አለች።

ሸራዬን መስፋት ቀጠልኩ።

«ያንቺ ጉዳይ ኪዳኑ ዘንድ ተፈርዶበት ነበር። የሌሎቹ ገና ነበር። የተፈረደባትን አንዲት ልጅ ብናስቀር መብራቱን ከአገር ሊያነሡ ነበር። የሆስፒታሉን፣ የሁሉን። የኛዎቹ ዳኞች አስጠሩኝ። ቃሉን ለእኛ እንውሰድ፣ ልጅቷን ለእነሱ እንስጥ፣ አሉ። ከዚህ ወዲያ ግን አንድም ልጅ አይነካም።»

«መቼ ነው ያስጠሩሽ?»

ላቧን በነጠላዋ ጠረገች።

«ከልምምዱ በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

«በፊት» አለች። ድምፅዋ ለራሷም የተሰማት አይመስልም።

«ብትነግሪኝ ኖሮ?»

«እምቢ ትይ ነበራ።»

«አዎን፣ እምቢ እል ነበር። እናት አይደለሁ?»

«በሺ የሚቆጠሩ ልጆች ናቸው፣ ስንቄ። ያንቺ አንዲት ናት።»

«እኔም ያለችኝ አንዲት ነበረች» አልኳት። «በገዛ ምላሴ አስጠፋሽኝ፣ እማዋይሽ። ክርስትና ያነሣሻትን ልጅ በእናቷ አፍ አስካድሻት። ሌላ መንገድ ጠፍቶ ነው? ለሰው እንኳ ባይሆን ለማተቡ አታፍሪም?»

አለቀሰች። ማልቀሷን አየሁት፣ አመንኩትም፤ አላራራኝም። አቶ በላቸው በአጥር ቀዳዳ አዩንና ሳል ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ።

በመጨረሻ ጉሮሮዋ ደርቆ «ውሃ እንኳ አጠጪኝ» አለችኝ።

ውሃ የለመነን ሰው በእኛ ቤት አይከለከልም። ተነሥቼ ጣሳ ሰጠኋት። ወደ ቧንቧው ሄደች፣ አውራ ጣቷን አስጠጋች። ቧንቧው አነበባት፣ ያሰበ መሰለ፣ ከዚያ እሷ ራሷ ባስፈረደችለት ሕግ መሠረት ወደ እኔ ተናገረ።

«የክርስትና ዝምድና ተገኝቷል። ወይዘሮ ስንቅነሽ፣ ይህች ሴት ዘመድዎ ናት?»

እማዋይሽ ጣሳውን እንደያዘች ዞራ አየችኝ። አብረን ያደግንበት መንገድ ሁሉ በዐይኗ ነበር።

«ዘመዴ አይደለችም» አልኩ።

ከዚህ ቀጥሎ የምለው ነገር አልነበረኝም። ቧንቧው ትንሽ ጠበቀኝ፣ ከዚያ «እንግዳ። ግማሽ።» አለና ቀዳላት።